አልፈታ ያለው ማሰሪያ

እታገኝ የሽማግሌውን ነጭ ሸሚዝ ስትተኩስ ነው የሰማችው። መስማት ፈልጋም አይደለም፤ የሳንሆዜ ቤት ከውጭ ሲያዩት ግንብ ይመስላል እንጂ ውስጡ ካርቶን ነው፣ አንዱ ክፍል ያነጠሰውን ከሌላው ክፍል ሆነው ይማርህ ይሉታል። የሽማግሌው ልጅ ሱሬሽ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል። «አታስቢ፣ አባቴ አይናገርም» አላት። አስር ሰዓት ላይ ግማሿን ኪኒን ይወስዳል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጡት እንደጠገበ ሕፃን ጸጥ ይላል፣ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሽልማቱን ይቀበላል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ አለቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እዚያው አቅራቢያ ዳብሊን ከተማ ስላለው ቤት አነሳ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ በሩ ቁጥር ካልተመታለት የማይከፈት ቤት ነው። አንድ ክፍል ተለቋል፣ ሰኞ ጠዋት ሄጄ እፈርማለሁ አላት። «ደግሞ ተምታቶበታል ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ኬርጊቨሯ በየቀኑ የጻፈችው አለ፤ ዶክተሩም እሱን አይቶ ነው ያዘዘው።»

ኬርጊቨሯ፣ አስታማሚዋ ማለት፣ እታገኝ ናት። ካውያውን ማንሳት ረስታ የሸሚዙ እጅጌ ላይ ትንሽ ቡናማ ምልክት ተወች። ደግነቱ ኮት ይሸፍነዋል።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ምሳ ላይ ነው። ሱሬሽ ፊቱ በርቶ መጣና የሕንዶቹ ማኅበር አባቱን ሊሸልም መወሰኑን አበሰረ። በፈረንጅ ስልሳ ሁለት ጃካርታ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታ በእግር ኳስ ወርቅ ይዞ ከተመለሰው ቡድን፣ በዚህ አካባቢ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት መቶ ሰው ይጠራል፣ ፎቶህ በትልቁ ይታያል፣ የፍጻሜውን ጨዋታ ትተርክላቸዋለህ አላቸው። ሽማግሌው፣ ሚስተር ራጋቫን፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉና «እኔ እኮ አልተጫወትኩም» አሉ። «አንድ ደቂቃ እንኳን አልገባሁም። ያን ጊዜ ተጫዋች መቀየር የሚባል ነገር የለም። አስራ አንዱ ገባ፣ እኛ ተጠባባቂዎቹ ማሊያ ለብሰን ተቀምጠን አየን።» ሱሬሽ ሳቀ። አባቱ አልሳቁም። ሱሬሽ ያደገው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለው የቡድን ፎቶ ሥር ነው፤ ትምህርት ቤት የደበደቡትን ልጆች «አባቴ መቶ ሺህ ሰው እየጮኸበት የተጫወተ ነው» ብሎ ነው ዝም ያሰኛቸው፣ ሰርጉም ላይ አጎቱ ስለዚያው ነው የተናገሩት። ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ እታገኝ ዞረ። «እየተምታታበት ነው፣ አይደል? አንቺም አይተሻል፣ አይደል?» አላት። እሷም «የስ ሰር» አለች።

ምን ነክቷት ነው በሉ! ምንም አልነካት፤ አስተዳደጓ ነው። እታገኝ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለ ያደገች ሰው ናት። ቀጣሪ ፊት፣ ለዚያውም በገዛ አባቱ ነገር፣ «የለም፣ ተሳስተዋል» ማለት ለሷ ሰው ቤት ገብቶ ድስት እንደመክፈት ያለ ነውር ነው። ለጥርስ ሐኪሙ እሺ፣ ለአከራይዋ እሺ፣ ኦክላንድ ጣቢያው በር ላይ ወረቀት ለሚያድለው ሁሉ እሺ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም እሺ ብላ የማታውቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልትጠመቅ ለትንሽ ነው የተረፈችው። ልጇ ምሥጢር «ማሚ፣ ዩ ሰይ የስ ቢፎር ዘይ ኢቭን አስክ» እያለች፣ ገና ሳይጠይቁሽ እሺ ትያለሽ ማለቷ ነው፣ ትስቅባታለች። እሷም ትስቃለች። የዚያን ቀን ግን ሱሬሽ እንደዚያ ከሆነ ጻፊው አላት። በየቀኑ የምትሞላው ወረቀት አለ፤ ምን በሉ፣ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፣ እንቅልፍ፣ ሽንት፣ ከሁሉም ሥር «ኮንፊውዝድ»፣ ተምታቶበታል፣ የሚል ትንሽ ሳጥን። ምልክት አደረገች። በማግሥቱ ሽማግሌው ያንኑ ደገሙ፣ እሷም ደገመች። ማን ያነበዋል ብላ! አስራ ስምንት ቀን ሠርታ አስራ ስምንት ምልክት ካደረገች በኋላ ሐኪሙ በቪዲዮ ቀርቦ ወረቀቶቹን አገላበጠና ግማሽ ኪኒን አዘዘ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ የኛ ሰዎች፤ ከእስክርቢቶ የወጣው የት እንደሚደርስ ግን ያስተማራት አልነበረም።

ደግሞ ቢምታታባቸው አንድ ነገር ነው። ራጋቫን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መነጽራቸውን ያስቀመጡበት ይጠፋቸዋል፣ ቧንቧ ከፍተው ይረሳሉ፣ ምራታቸውን አንዳንዴ በእህታቸው ስም ይጠራሉ። እሱማ እታገኝም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ቁልፏን ፍሪጅ ውስጥ ያገኘችበት ቀን አለ። የስልሳ ሁለቱን ቡድን ግን ከበረኛው እስከ ግራ ክንፉ፣ ማን ከየትኛው ከተማ እንደመጣ፣ ማን በባቡር ላይ እንደሚያስመልሰው ሳይቀር ይቆጥሩታል። እሷን «ኤታ» ይሏታል፣ እሷ «አባባ» ትላቸዋለች። ሥራ የጀመረች ሰሞን ሳምንት ሙሉ ተከራክረው ነበር። አባቷ አዲስ አበባ ስታዲየም ትኬት ቆራጭ ስለነበሩ፣ አገሯ የአፍሪካን ዋንጫ በሃምሳ አራት መብላቷን ነገረቻቸው። «በሃምሳ አራትማ የእስያ ጨዋታ ማኒላ ነበር፣ ምንም አላመጣንም፤ ያንቺ አገር ከማን ጋር ተጫውቶ ነው?» ብለው ያዟት። አልለቅም አለች፣ አልለቅም አሉ። በመጨረሻ ምሥጢር በስልክ አስልታ የእታገኝ ሃምሳ አራትና የሳቸው ስልሳ ሁለት አንድ ዓመት መሆኑን ስትነግራቸው ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንግዲህ ተምታታበት የተባለው ይህ ሰው ነው።

ሸሚዙን በተኮሰችበት ቀን ረፋድ ላይ ሱሬሽ ካርቶን አቅፎ የአባቱ ክፍል ገባ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ የኪኒን ሣጥን፣ የሟች ሚስታቸው ፎቶ፣ በመስኮቱ በኩል የጎረቤቱ የቆሻሻ በርሜሎች። እታገኝ ጢማቸውን እየላጨች ስለነበር ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል። ሱሬሽ ካርቶኑን ከፍቶ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ፣ ባለ ማሰሪያ ጫማ አወጣ፤ መቶ ሰማንያ ዶላር የሚለው ወረቀት ሥሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ሽማግሌው ጫማውን አዩና ሌላ የለም ወይ አሉ። ያንን ያለ ማሰሪያ የሚለጠፈውን ጫማህን በሙሉ ልብስ አታደርግም አባዬ፣ ፎቶ አለ፣ አላቸው። ልጅየው የመስኮቱን መጋረጃ አስተካከለ፣ ደህና የነበረውን። አባትየው ወደ ጣሪያው አዩ። እታገኝ ምላጩን ውሃ ውስጥ አራገፈች። ሱሬሽ ወጥቶ ሲሄድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ምሳ ከበሉ በኋላ አለበሰቻቸው። ሱሪው ወገባቸው ላይ ሰፍቶ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ተንበርክካ ጫማውን አጠለቀችላቸውና ማሰሪያውን ስትይዝ እጃቸውን እጇ ላይ ጫኑት። ሁለት ዓመት ስትሠራ እግራቸው ላይ ማሰሪያ አይታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። «ቆይ፣ ኤታ» አሉና ነገሯት። ከዚህ በፊት አለመጫወታቸውን እንጂ ይህን አልነገሯትም ነበር።

ባንጋሎር ውስጥ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር አብሮ አደግ ጓደኛ ነበራቸው፣ አንቶኒ የሚባል። ሁለቱም ያደጉት በባዶ እግር ሲጫወቱ ነው። በኋላ ግን ያለ ታኬታ ሜዳ መግባት ተከለከለ፤ ብሔራዊ ቡድን የሚመርጡት ሰዎች ሲመጡ እነሱ ያላቸው ከጫማ ሰፊው በጋራ የገዙት አንድ ታኬታ ብቻ ነው። ተስማሙ፤ የመጀመሪያውን አርባ አምስት ደቂቃ ራጋቫን፣ ሁለተኛውን አንቶኒ። ዝናብ ነበር። እረፍት ሲሆን አንቶኒ መስመሩ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ይጠብቃል። ራጋቫን ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ነካኩ። አልፈታ አለኝ አሉ። አንቶኒ ላግዝህ ሲል፣ ጭቃው አጥብቆታል፣ ቆይ ትንሽ፣ ቆይ ትንሽ እያሉ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። መራጮቹ ባዶ እግሩን አይተው አንተ ውጣ አሉት። ራጋቫን ሁለተኛውንም አርባ አምስት በዚያው ታኬታ ተጫወቱ፣ ተመረጡ፣ ጃካርታ ሄዱ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሰለፉ ወርቅ ይዘው ተመለሱ። ባቡር ጣቢያው ላይ የአበባ ጉንጉን ጠበቃቸው። ባንክ ሥራ ሰጣቸው፣ ሚስትም የተገኘችው በዚያው ነው። ተጫወትኩ ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ ሰዉ ሁሉ ተጫወተ ሲል ግን ዝም አሉ። አንቶኒ ጣቢያው ላይ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ።

«ማሰሪያው አልጠበቀም ነበር» አሏት። «ጫፉን ብስበው ይፈታ ነበር።»

ታዲያ እስከ ዛሬ ያልተነገረ ነገር አሁን ምን አመጣው ብላ ጠየቀቻቸው። ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከሁለት ወር በፊት የአንቶኒ የልጅ ልጅ ጽፋላቸው ኖሯል፤ አያቷ ሞቷል፣ ዕድሜውን ሙሉ ጓደኛዬ ጃካርታ ላይ ተጫውቷል እያለ ሲኮራ ነው የኖረው፣ ይህን እንዲያውቁ ብዬ ነው ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሳቸው ዝምታ ግን ስልሳ ዓመት ሲነቅዝ ነው የኖረው፣ ደብዳቤው ሲመጣ ዱቄት ሆነ። ዛሬ ማታ ሰው ሁሉ ባለበት ስሙን እጠራለሁ አሉ። እንደምንም ቀጥ ብዬ ቆሜ እንድናገር አድርጊኝ፣ ባንቺ ተማምኛለሁ አሏት። በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት፣ እሷ ጆሮ የገባው ግን አደራ ሆኖ ነው። ማሰሪያውን እንዳይጠልፋቸው ሁለቴ ቋጠረችውና ተነሳች።

ኩሽና ገብታ ንግስቲ ጋ ደወለች። ንግስቲ ሪችመንድ የምትኖር ኤርትራዊት ናት፤ ስድሳን ያለፈች፣ ለእታገኝ ይህን ሥራ ያስገኘችላት እሷ ናት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አባትና እናት ስታነሳና ስትጥል የኖረች። ነገሩን በሹክሹክታ ነገረቻት። ንግስቲ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ አንቺ ሐኪም ነሽ ወይ አለቻት። የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ ስጪና እረፊ። ሰውየው ተናገረ አልተናገረ የሞተው ጓደኛው አይነሳ። ደግሞስ ብላ ድምፅዋን አለሰለሰች፤ ወረቀቱን የሞላሁት በውሸት ነው ብትይ የቀጠረሽ ኤጀንሲ አንቺን ነው የሚያባርረው፣ ሌላም ቦታ አያስገቡሽም፤ ልጅሽ ትምህርቷን ሳትጨርስ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልሻል? «እታገኝ፣ የኔ እህት፣ በሰው ቤት አባትና ልጅ መሃል አይገባም። እሺ በይና ውጪ።» እታገኝ እሺ አለቻት። ስልኩን ዘግታ ለራሷ ሳቅ አለች፣ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም።

አስር ሰዓት ሆነ። ኪኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ በቢላዋ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹ ከምስር አይበልጥም። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስታየው ላቧ ሊያሟሟው ደረሰ። ብትሰጣቸው ማንም አይወቅሳትም፤ ሽማግሌው ይደነዝዛሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ሰኞ ዳብሊን ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ስለ አንቶኒ ቢያወሩ የሚሰማቸው እንደሳቸው በር የተዘጋበት ሰው ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት፣ በአስራ ስምንት ጭረት። ኮቴ ስትሰማ ኪኒኑን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሱሬሽ ክራቫቱን እያሰረ በሩ ላይ ቆመ። ሰጠሽው ወይ አላት። «የስ ሰር» አለች። መጀመሪያ የዋሸችው ልታስደስተው ነበር፣ አሁን ደግሞ ልታታልለው፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ሱሬሽ አመሰገናት። ዓይኑ ሥር አብጧል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ከአባቱ ጋር ስለ እግር ኳስ ካልሆነ ስለ ምንም አውርቶ እንደማያውቅ ታውቃለች፤ አሁን ያም ሊወሰድበት ነው። አሳዘናትም። ቢሆንም ቀዳዳ ያገኘች መሰላት፤ ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ልጁ ኪኒኑ አልሠራም ይላል፣ እሷ በመሃል ሹልክ ትላለች። የዕለቱን ወረቀት ስትሞላ ያችን ሳጥን ባዶዋን ተወቻት።

ማታ በመኪና ሄዱ። ሱሬሽ ይነዳል፣ ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፣ ሽማግሌው ከኋላ መስኮቱን ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሱሬሽ በመስታወት ደጋግሞ አያቸው። ለምን ይሆን ያልተኙት እያለ እንደሆነ እታገኝ ገብቷታል፤ ኪሷ ያለው ሶፍት ጎኗን የሚወጋት መሰላት።

አዳራሹ ዳውንታውን ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። ክብ ክብ ጠረጴዛ፣ ወርቅማ የወንበር ልብስ፣ የሳምቡሳ ሽታ፣ ኮት የለበሱ የኮምፒውተር ሰዎችና ሳሪ የለበሱ ሚስቶቻቸው። ከመድረኩ ኋላ የቡድኑ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል፤ ወጣቱ ራጋቫን ከዳር ቆመው ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ። የመድረክ መሪዋ ፍጻሜውን ራሷ ያየች ይመስል ተረከችው። ስታዲየሙ በጩኸት ሲናጥ፣ ሁለት ለአንድ ሲያልቅ፣ የኛ ጀግና መከላከሉን እንደ ግንብ ይዞ ሲቆም አለች። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። እታገኝ ግራ ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ሱሬሽ ከመድረኩ ሥር ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል። ሽልማቱን፣ መስታወት የሆነ ነገር ነው፣ ተቀበሉና ለእታገኝ አስያዟት። ከዚያ እጃቸውን ለማይኩ ዘረጉ። የመድረክ መሪዋ ወደ ሱሬሽ አየች። ሽማግሌው ግን ይዘውታል።

«የተናገረችው ጥሩ ነበር» አሉ፣ «ግን እኔ አልነበርኩም።» አንዳንዱ ሳቀ፣ ትሕትና መስሎት። እሳቸው ቀጠሉ። አንድም ደቂቃ አለመጫወታቸውን ተናገሩ። ታኬታውን፣ ዝናቡን፣ ማሰሪያውን ተናገሩ። ነገራቸው አንድም ቦታ ላይ አልተዛነፈም። ኋላ ያለ ጠረጴዛ ቦታውን ስቶ አጨበጨበና አቆመ። ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። «የሄድኩበት ቦታ የሌላ ሰው ነው። ስሙም...» ሲሉ ሱሬሽ ደርሶ ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደው።

ፈገግ ብሎ ነበር፣ ጉንጩ ግን ይርገበገባል። ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ ታሟል፣ ቀን ሲጥል የራሱን ገድል ራሱ እየካደ ነው፣ ከሕመሙ ነው፣ ሐኪምም መዝግቦታል አለ። በሰዉ መሃል የማዘን ድምፅ ዞረ፤ አንዲት ሴትዮ ደረቷን ያዘች። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው ባዶ እጃቸውን ያያሉ። የተናገሩት ሁሉ በአንድ አፍታ በሽታ ሆነ። እታገኝ አሁን ይበቃዋል፣ እኔን አያነሳኝም እያለች ነበር፤ ሱሬሽ ግን ወደሷ ዞረ። ክፋት አልነበረበትም፣ የሚደገፍበት ፈልጎ ነው። «ይህችው፣ በየቀኑ አብራው የምትውለው። እታገኝ፣ እባክሽ ንገሪያቸው። ተምታቶበታል፣ አይደል?» ብሎ ማይኩን ወደ አፏ ያዘላት።

ሁለት መቶ ሰው አያት። የስ ሰር የሚለው ቃል በራሱ እግር ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ዕድሜ ልኩን ያለ ጥሪ የሚመጣ ነውና። ኪራዩ ትዝ አላት፣ ምሥጢር ትዝ አለቻት፣ የንግስቲ ድምፅ በጆሮዋ አለ። ጎኗ ያሉትን ሽማግሌ አየች። እሳቸው እሷን አያዩም፣ የሚያዩት ጫማቸውን ነው። አልጠበቁባትም። አልጠበቁባትም እኮ! አንገቷን ያስቀናት ይኸው ነው።

«ኖ» አለች።

ማይኩ ቃሏን አዳራሹን ሁሉ አዞረባት፤ የራሷ አልመሰላትም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቀጠለች። «አልተምታታባቸውም። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ወረቀቱ ላይ ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲጠይቁኝ፣ አይደለም ማለት አፍሬ ነው።» ሽልማቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ኪሷ ገብታ ሶፍቱን አወጣች፣ ፈታችው። «ይኸውና ኪኒኑ። ሰጥቻለሁ ያልኩዎትም ውሸት ነው።»

ሱሬሽ ግማሿን ኪኒን አያት። ማይኩን የያዘው እጁ ቁልቁል ወረደ፤ አባቱ ወሰዱለት። «አንቶኒ ሳቫሪሙቱ» አሉ። «አንቶኒ ሳቫሪሙቱ ይባላል።» ከዚያ ከፊት ጠረጴዛ አንዲት ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ቀና አሉ። ግራ ክንፍ አሉ። ስለ አንቶኒ ግራ እግር አስር ደቂቃ ተናገሩ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ የመድረክ መሪዋ ሰዓቷን አየች፣ ማንም ግን አላስቆማቸውም።

ኮሪደሩ ላይ ደረቅ ወንበር አለ፣ እዚያ አስቀመጠቻቸው። የሱሬሽ ሚስት መኪና ልታመጣ ሄደች። ሱሬሽ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ እታገኝን ሳያያት፣ ሰኞ ዳብሊን አንሄድም አለ፤ ዶክተሩ ጋ ትሄጃለሽ፣ የጻፍሽውን እያንዳንዱን ቀን ራስሽ ትነግሪዋለሽ፣ ኤጀንሲውም መስማቱ አይቀርም። እታገኝ ሥራዋ እዚያ ላይ እንዳለቀ ገባት። እሺ አለች፣ አሁን ግን ምን እንደተጠየቀች ሰምታ ነው።

ሽማግሌው እግራቸውን ዘረጉ። አብጧል፣ ጫማውን አውልቁልኝ አሉ። እታገኝ እንደልማዷ ጎንበስ ልትል ስትል ሱሬሽ ቀደማት። የሱሪውን ጉልበት ሰብስቦ የሆቴሉ ምንጣፍ ላይ ተንበረከከ፣ ቋጠሮውን በጥፍሩ ይቧጥጠው ጀመር። ሁለቴ የተቋጠረ ነው። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ። የአባቱን ፊት ሽቅብ ሳያይ፣ «አልፈታ አለኝ» አለ።

ራጋቫን የልጃቸውን የሳሳ አናት ቁልቁል አዩ።

«ይፈታል» አሉት። «ጫፉን ፈልገህ ሳበው። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

ሱሬሽ አይኑን ጠረገና ጫፉን ይፈልግ ጀመር።